የማን ነሽ?

ሚምባ ከሸንኮራው ማሳ እስከ ሕሙማን ቤቱ ድረስ አንድ ጊዜም አልቆመችም። የአራት ዓመቷ ሮዛና ጀርባዋ ላይ እንደ ፍም ትፋጃለች። ትናንት ሲያንቀጠቅጣት ዋለ፤ ዛሬ ጠዋት ውሃ እንኳን አልዋጥ አላት።

“ሐኪሙ አለ፣ መድኃኒቱም አለ” አለ የእርሻው አለቃ ማክሌሪ፣ በረንዳው ላይ ከተቀመጠበት ሳይነሳ። “ሐኪሙ ግን የተቀጠረው ለእርሻው ሠራተኞች ነው። ልጅሽ የእርሻው አይደለችማ! ነጻ ናት። አንቺው አይደለሽ እንዴ ስትፎክሪ የከረምሽው?”

መፎከሩንስ ፎክራለች። ከለንደን የመጣው ሕግ ጃማይካ ውስጥ ከስድስት ዓመት በታች ያሉትን ልጆች ነጻ ካወጣ ሁለት ዓመት ሆነው። ትልልቆቹ “ተለማማጅ” ተብለው እዚያው ማሳ፣ እዚያው ጅራፍ ሥር ቀሩ፤ ዕድሜ ልኩን ባሪያ የነበረ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን እንደሚለማመድ እግዜር ይወቅ። ለልጆቹም ቢሆን አንዲት ወጥመድ ተትታላቸዋለች። እናት ወረቀት ላይ ምልክት ካደረገች፣ ልጇ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ የእርሻው ትሆናለች።

ሴቶቹ ተማማሉ። ከመቃብር አፈር ቆንጥረው፣ በአረቄ በጥብጠው ጠጡ፤ የፈረመች እጇ ይድረቅ ተባባሉ። ጽዋውን ያዞረችው ሚምባ ነበረች። ልጆቹንም ያስተማረቻቸው እሷው ናት። “የማን ነሽ?” ሲባሉ “የእናቴ!” ይላሉ፤ እናትየዋም የትም ትሁን የት “የኔ!” ብላ ትመልሳለች። ይህ ጩኸት ከማሳው ዳር በተሰማ ቁጥር ማክሌሪ ቁርሱ አይወርድለትም ነበር።

አሁን ግን ደህና አድርጎ በልቷል። ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ይጠብቃል።

የሕሙማኑን አንሶላ የምታጥበው ፊባ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ከጓሮ መጣች። ሚምባ ስታያት አንገቷን ደፋች። አምና በዝናቡ ወራት ፊባም የታመመ ልጇን ኳኮን ታቅፋ እዚሁ በረንዳ ላይ ቆማ ነበር። ብዕሩን ጨብጣ ሳለ ሚምባ መቆፈሪያዋን ጥላ ከማሳው በሩጫ መጣችና ከእጇ ነጠቀቻት። “ባሪያ ከሚሆን ቢሞት ይሻለዋል!” አለቻት፣ በሰው ፊት። ኳኮ በሦስተኛው ቀን ሞተ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው።

ፊባ የልጅቷን ግንባር በእጇ ጀርባ ዳሰሰች።

“ፈርሚ” አለች።

“ምን አልሽ?”

“ፈርሚ አልኩሽ። ደነቆርሽ እንዴ?”

“ፊባ፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ? የኳኮ እናት?”

“አዎ፣ የኳኮ እናት ነኝ። እትብቱ ሥሩ የተቀበረበትን ኮኮናት ዛሬም አጠጣዋለሁ። ዘንድሮ ፍሬ ያዘ። ነጻ ዛፍ ነው፣ ማንም አያዘውም።” እጇን ከልጅቷ ግንባር አነሳች። “እማ ብሎ ግን አይጠራኝም።”

“ይቅር በይኝ፣ እህቴ።”

“ይቅርታሽን ሌላ ቀን ታመጪዋለሽ። ልጅቷ እየሄደችብሽ ነው።”

“ጨረሳችሁ?” አለ ማክሌሪ፣ ብዕሩን ዘርግቶ።

ሚምባ ልጇን አውርዳ ለፊባ አስታቀፈቻት። ሠላሳ ዓመት መቆፈሪያ የጨበጠ እጅ ያችን የላባ ብዕር መያዝ አቃተው። አንድ መስመር አጋደመች። ሌላ መስመር አቋረጠችበት። አለቀ። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ቶሎ ያልቃል ብላ አላሰበችም።

ማክሌሪ ሐኪሙን ጠራና ብድግ አለ። የምሳው ቀንድ ተነፍቶ ሴቶቹ መቆፈሪያቸውን እንደተሸከሙ በግቢው እያለፉ ነበር። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳያቸው።

“ሚምባ ፈረመች!” ብሎ ጮኸ። “ሰምታችኋል? ሚምባ!”

ያኔ ገባት። የአራት ዓመት ልጅ ጉልበት ምን ይረባዋል? ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው ሮዛናን አልነበረም።

ሴቶቹ ቆሙ። በዕድሜ ከሁሉ የምትበልጠው ቤኔባ ምራቋን ጢቅ አደረገችና፣ “እስቲ እጅሽን አሳዪን፣ ደረቀ ወይ?” አለቻት። አንዲት ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት ዐይኗን ከወረቀቱ ላይ መንቀል አቃታት፤ ሚምባን ከስድቡ ይልቅ የዚያች ሴት አስተያየት አመማት።

ሐኪሙ አፉን እየጠረገ ወጣ። ሸምገል ያለ፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው። የዛፍ ቅርፊት ዱቄት በውሃ በጥብጦ፣ ፊባ ቀና አድርጋ በያዘቻት ልጅ አፍ ውስጥ በማንኪያ አንቆረቆረ። ሮዛና መራራው ጉሮሮዋን ሲነካት ተንገሸገሸች፣ አሳላት፣ ዋጠችው። ዐይኗን ገለጠች።

“ጎበዝ!” አላት ሐኪሙ፣ ጉንጯን መታ መታ እያደረገ። “የማን ነሽ አንቺ?”

“የእናቴ!” አለች ሮዛና፣ በዚያች በሰለለች ድምጿ።

ከዚያም ፊቷን ወደ ሚምባ አዙራ ጠበቀች። ሚምባ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፤ ዐይኗ ግን ወረቀቱ ላይ ዐረፈና መልሳ ገጠመችው። ማክሌሪ ቀለሙ እንዲደርቅ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ በሁለት ጠጠር አስይዞታል። ፊባ አቀርቅራ የልጅቷን አገጭ በቀሚሷ ጠርዝ ትጠርጋለች።

ሮዛና ያልተሰማላት መስሏት ትንፋሿን ሰበሰበችና ደገመችው።

“የእናቴ ነኝ፣ እማ።”