ሰርቪስ ፓኩ እስኪመጣ

በ2000 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት አምስት ኮምፒውተሮች ነበሩ። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ለዊንዶውስ ሦስተኛው ሰርቪስ ፓክ ወጣ ተብሎ ተወራ።

ወሬውን ያመጣው የኮምፒውተር ባለሙያው ዐብዲኑር ነው። ስለ ሰርቪስ ፓኩ ሲያወራ ሙሽራ የሚጠብቅ ሚዜ ይመስላል። የዓመታት ማስተካከያ በአንድ ሲዲ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ አንዴ ከተጫነ ማሽኑ እንደ አዲስ ይሆናል አለ። ከዚያ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ መልስ ሁሉ አንድ ሆነ። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲያኝክ «ሰርቪስ ፓኩ ይምጣ»፣ የሂሳብ ክፍሉ ጣሪያ ሲያፈስ እንኳ «ሰርቪስ ፓኩ ይምጣ»።

ቀልዱ የማያስቃቸው አንድ ሰው ቢኖሩ የመዝገብ ቤቱ አቶ ቀናው ነበሩ። በጥር ስልሳ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ የጡረታ ደብዳቤያቸው ግን አልወጣም። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ልደት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከእንግዲህ በአዲሱ የሠራተኞች መረጃ ፕሮግራም እንጂ በእጅ አይጻፍም ብለዋል። ፕሮግራሙ ደግሞ ያለ ሰርቪስ ፓኩ አልከፈትም አለ። እንዲህ ሆኖ ሠላሳ አራት ዓመት ያገለገሉ ሰው በአንድ ሲዲ ምክንያት ጡረታ መውጣት አቃታቸው።

ሁሉም አዘነላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ጅግጅጋ ውስጥ የቀራቸው ዘመድ የለም። ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ክፍል አዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች። እሳቸው ግን በየማለዳው ከጥበቃው ቀድመው በሩ ላይ ይገኛሉ።

የዚያን ጊዜው ኢንተርኔት እንኳን ሰርቪስ ፓክ፣ አንድ ፎቶ እስኪያወርድ ድረስ ሰው ምሳውን በልቶ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ሲዲው ድሬዳዋ ካለው ቅርንጫፍ ተቀድቶ፣ በደብዳቤ ከረጢት ውስጥ ሆኖ፣ በሾፌሩ በዒጋል እጅ እንዲመጣ ተወሰነ። የመጀመሪያው ሲዲ ተላከ። ከረጢቱ እንደ ወትሮው መዝገብ ቤት ተፈታ፣ ደብዳቤዎቹ ለየክፍሉ ታደሉ፤ ሲዲ የለም። ሁለተኛ ተላከ፤ እሱም የውሃ ሽታ ሆነ።

ዒጋል ከረጢቱን እንደታሰረ እንዳመጣው በወላሂ ማለ። ችግሩ ዒጋል በቅርቡ የቪሲዲ ማጫወቻ መግዛቱ ነበር። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር፤ ሲዲዎቹን የህንድ ፊልም መስለውት ቤቱ ወስዷቸዋል ተባለ። ሻይ ቤት በገባ ቁጥር ልጅቷ ለማን ተዳረች፣ ወንድምየው ተገኘ ወይ እያሉ ይጠይቁታል። መጀመሪያ አብሯቸው ሳቀ። በኋላ ሻይውን መኪናው ውስጥ መጠጣት ጀመረ።

አቶ ቀናው ብቻ አልሳቁበትም። ልጁ የሰው ዕቃ አይነካም ብለው ተከራከሩለት። በየጠዋቱ ወደ ዐብዲኑር ክፍል ብቅ ይሉና «ሌላ ተላከ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሽማግሌው ዕረፍት ምን ያህል ቢናፍቃቸው ነው ብለው ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

በሰኔ የተላከው ሦስተኛው ሲዲም ሳይደርስ ቀረ። ወይዘሮ ልደት ሠራተኛውን ሰበሰቡ። አራተኛው ከጠፋ ዒጋል ይሰናበታል አሉ። እሱ የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆነ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም፤ ለእሱ ደብዳቤ በእጅ ይበቃል።

ዒጋል የአምስት ልጆች አባት ነው። ከስብሰባው ወጥቶ መዝገብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። አቶ ቀናውን እንደ አጎት ቆጥሮ አዴር ነው የሚላቸው።

«አዴር፣ እርስዎስ ያምኑኛል?»

አቶ ቀናው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉት፣ መልሰው አወለቁት።

«አምንሃለሁ» አሉ። «የሚቀጥለው ይደርሳል። አይዞህ።»

ይህን የሰማ ሁሉ ተገረመ። ዋናው ተበዳይ እሳቸው ሆነው ሳለ በዳያቸውን ያጽናናሉ።

አራተኛው በሐምሌ መጀመሪያ ደረሰ። አቶ ቀናው ራሳቸው በሁለት እጃቸው ይዘው ለዐብዲኑር አስረከቡት። ሠራተኛው ከኋላው ተኮልኩሎ ስክሪኑ ላይ የመጫኛው መስመር እየሞላ ሲሄድ ተመለከተ። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ፣ ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ የአቶ ቀናው ጡረታ ሆነ። ጣሪያው እንዳፈሰሰ ቀረ። ዒጋልም ከሥራው አልተነሳም፤ ሌባ ማስጠንቀቂያ ሲያገኝ እንዴት እንደሚታረም ግን ሻይ ቤቱ ውስጥ ለሳምንት ተወራ።

ሽኝቱ ያማረ ነበር። ጋቢ አለበሷቸው፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ይናገሩ ተባሉ። ተሰናባች ሁሉ እንደሚለው ያስቀየምኩት ካለ ይቅር ይበለኝ ብለው ተቀመጡ። ሲወጡ ሁሉንም ሳሙ፤ ዒጋልን አቅፈው ግን ቶሎ አልለቀቁትም። ሽማግሌው አለቀሱ። ደስታ ነው ተባለ።

ሰኞ ዕለት መዝገብ ቤቱን የተረከበችው ኤብላ የጡረታ ደብዳቤውን ቀሪ ልታያይዝ የአቶ ቀናውን የግል ማህደር ከፈተች። ከታች ሦስት ያልተከፈቱ ፖስታዎች አገኘች። ላኪው የድሬዳዋ ቅርንጫፍ ነው፤ የገቢ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን በወጉ ሰፍሮባቸዋል። በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ደግሞ በአቶ ቀናው የታወቀ የእጅ ጽሑፍ አንድ ምሪት ተጽፏል፦

«ለጊዜው ይቆይ።»