አንዴ ደግሞ ይሳሳቱ

ጋሽ ገሠሠ ትእዛዙን ጽፈው ኢንተርን ይመታሉ። ኮምፒዩተሩ አሁንም አልቀበልም ይላል።

«ምነው ጋሽ ገሠሠ?» ትላለች ጎረቤታቸው ጠጄ፣ በሩ አጠገብ እንደተቀመጠች። «የመሐል ሜዳን ሙታን ሁሉ ያለ አንድ ስሕተት ሲሸኙ የኖሩ ሰውዬ፣ ዛሬ ብርዱ ጣትዎን አደነዘዘው?»

«ብርዱ ነው» ይላሉ፣ ቀና ሳይሉ።

የደብሩ ጸሐፊ ናቸው። ለሙታን ጸሎት የሚነበበውን ወረቀት የሚያትመውን አጭር የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሠራላቸው ልጃቸው ኪዳነ ወልድ ነው። «ጻፍ» ብለው ያዙታል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ ቀጥሎ የክርስትና ስሙን። ባለ ሁለት ቃል ስም ከሆነ በጥቅስ ምልክት ይታጠራል፤ አለዚያ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ጠጄ ልጁ ሲያስተምራቸው እየሰማች ሸምድዳዋለች። «የሚናገረው ስትሳሳት ብቻ ነው አባዬ፤ ካስተካከልክ ዝም ይልሃል» ይላቸው ነበር።

ልጁ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ዛሬ አርባው ነው። አባ ወሰኔ ጸሎቱን ሊጀምሩ ወረቀቱን እየጠበቁ ነው።

ጋሽ ገሠሠ እንደገና ይጽፋሉ፦ ጻፍ ኪዳነ ወልድ አትናቴዎስ። ጥቅስ የለም። ይኸው ሦስተኛ ስሕተታቸው።

ጠጄ ልታርማቸው ተነሥታ ከኋላቸው ትቆማለች። ስክሪኑ ላይ ልጁ ድሮ ጽፎ ያስቀመጠው መልስ ወጥቷል፦

«አባዬ፣ ስሙ ሦስት ሆነብኝ እኮ! ባለ ሁለት ቃሉን ስም በጥቅስ እጠረው። ቀስ በል፣ ማን አባረረህ?»

የሽማግሌው ከንፈር ቃሉን አንድ በአንድ ይከተላል። «እሺ» ይላሉ በለሆሳስ፣ «እሺ ልጄ።»

ጠጄ ልትቀልድ የከፈተችውን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዘዋለች። ከውጭ ደወል ይደወላል።

«ጋሽ ገሠሠ» ትላለች፣ «አንዴ ደግሞ ይሳሳቱ። አባ ወሰኔን እኔ አቆይልዎታለሁ።»

አንዴ ደግሞ ይሳሳታሉ። እስከ መጨረሻው ያነቡታል።

ከዚያ ከኪዳነ ወልድ ወዲህ አንድ፣ ወዲያ አንድ ጥቅስ ያስቀምጣሉ። ጣታቸው ኢንተር ላይ ቆይቶ ቆይቶ ይጫናል።

ማተሚያው እያንቋረረ ወረቀቱን ይተፋል። ጋሽ ገሠሠ አያነሡትም፤ ስክሪኑን ይጠብቃሉ። ጠቋሚዋ ባዶው መስመር ላይ ብልጭ፣ ድርግም ትላለች።