ለገምጋሚ ብቻ

መምህሩ ኮተቤ ባለው ግቢው ውስጥ አንድ ጥናት ገጽ በገጽ እሳት ላይ እየጨመረ ሳለ፣ ጎረቤቱ የአብዮት ጥበቃው አቶ ዱቤ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ የቆርቆሮውን በር ገፍተው ገቡ።

«መምህር፣ ምን እያቃጠሉ ነው?»

«የጥናት ጽሑፍ ነው። አንድ የምሁራን መጽሔት ከማተሙ በፊት እንድገመግመው ልኮልኝ ነበር። ገምግሞ የጨረሰ ሰው ቅጂውን ማስወገድ አለበት፤ ደንቡ ነው።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«እንዲህ ያሉ መጽሔቶች ስለሚፈጁት ወረቀት፣ ለወረቀቱም ስለሚቆረጠው ዛፍ።»

አቶ ዱቤ ቀና ብለው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አዩ፤ ከዚያ እሳቱን። ፈገግ አሉ።

«ታዲያ ምን ወሰኑ?»

«ጥሩ ነው፤ ግን ተሻሽሎ እንደገና በአራት ቅጂ ተተይቦ ይምጣ አልኩ።»

«ጸሐፊው ማነው?»

«አላውቅም። ስሙን አይነግሩንም። እሱም ማን እንዳነበበው አያውቅም።» ይህን ያለው በኩራት ነበር፤ የሙያው ንጽሕና ያለው እዚህ ላይ ነው ብሎ ያምናል።

የአቶ ዱቤ ፈገግታ ጠፋ። የተረፈችውን አንድ ገጽ በእግራቸው ከእሳቱ ጎትተው ረግጠው አጠፏት።

«የማታውቀው ሰው ወረቀት ይላክልሃል፤ አንብበህ ታቃጥላለህ» አሉ ቀስ ብለው። «ጫማህን አድርግ።»