የኩሬው ውሃ

ሞክሴድ ከኩሬው የቀዳውን ውሃ ሳይውጠው አፉ ውስጥ ይዞ ቆየ። ከዓመታት በፊት አውሎ ነፋስ ባሕሩን እስከ ደጃፉ አምጥቶ የሚጠጡበትን ኩሬ ጨው ካደረገው ወዲህ፣ በየበጋው ጨዋማውን ውሃ እየቀዳ ሲደፋ፣ በየክረምቱ ደግሞ ዝናብ ሲያጠራቅምበት ኖሯል። ዘንድሮም ጨው ካልለቀቀው መንደሩን ትተው ከተማ፣ ጡብ ማምረቻ ሊገቡ ከሚስቱ ከኮሂኑር ጋር ተስማምተዋል።

«ወይ ዋጠው ወይ ትፋው፣ የሸፋሊ አባት! ልቤን አታንጠልጥለው» አለች ኮሂኑር።

ዋጠው። «ከአምናው ይሻላል» አለ ዓይኗን ሳያይ።

ጣሳውን ነጠቀችው፤ ቀመሰችና ወዲያው ተፋችው። «ይሄ ነው የተሻለው? ምላስህንም ጨው በላው እንዴ?»

ልጃቸው ሸፋሊ እየሳቀች ከእናቷ እጅ ጣሳውን ወሰደች። ሳትተነፍስ እስከ መጨረሻው ጠጣችና አፏን በክንዷ ጠረገች። «ምን ሆናችኋል? ምንም ጨው የለውም!»

የሞክሴድ ፊት በራ። «ሰማሽ? አላልኩሽም?»

ኮሂኑር ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። ሸፋሊ አልዋሸችም፤ አባቷን ለማስደሰትም አልነበረም። የተወለደችው ከአውሎ ነፋሱ በኋላ ነው። ውሃ ማለት ለእሷ ይሄ ነበር።

ሞክሴድም የሚስቱን ዓይን ተከትሎ ወደ ልጁ ሲዞር ገባው። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

«ዕቃችንን እንሸክፍ» አለ።

«ውሃው ደህና ሆኖ ሳለ የት ልንሄድ ነው?» አለች ሸፋሊ፣ ሌላ ጣሳ ልትቀዳ እያጎነበሰች።