መቶ አሥራ ሁለት ስም

«ስሙን የሰጠህ ሰው ነፍሱን ነው አደራ ያለህ፤ በቃሌ እይዘዋለሁ አትበል» ይሉ ነበር የይሻው አባት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ የስሙ ደብተር ለይሻው ሆነ።

ከደብረ ታቦር ዝቅ ብሎ ባለው መንደር የታመመ፣ የታሰረ ወይም አገር የለቀቀ ሰው ሲኖር ዘመዱ መጥቶ የክርስትና ስሙን ለይሻው ይነግረዋል። ይሻው ይጽፋል። ማለዳ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ቆሞ ስሞቹን አንድ በአንድ ይጠራል፣ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል፣ ደብተሩን ቀኝና ግራ ሳም አድርጎ ግንባሩን ያስነካል፣ ከዚያ ወደ ገብሱ ይወርዳል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረ።

በነሐሴ ጣሪያው አፈሰሰና ደብተሩ ራሰ። ይሻው ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ከተማ ወጣ። የወንድሙ ልጅ ዘላለም እዚያ ስልክ ጠጋኝ ነው።

ዘላለም የተጣበቀውን ገጽ በምላጭ እያላቀቀ፣ «አያ፣ ይኼ ደብተር አብቅቶለታል» አለ። «ስልክዎ ላይ እንገልብጠው። ልጅዎ ማርታ የገዛችልዎ ታች ስልክ ለባትሪ መብራት ብቻ ነው እንዴ?»

«ስልክ ስም ይይዛል?»

«ማስታወሻ መያዣ አፕ አለ። ሁለት ጥሩ ጥሩ አውቃለሁ። ቢጫው ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የጻፉት ሁሉ እዚሁ ስልኩ ውስጥ ይቀመጣል። ስልኩ ከጠፋ ግን አብሮ ጠፋ። ሰማያዊው ወደ ደመና ይሰደዋል፤ ስልኩ ገደል ቢገባ ስሙ አይጠፋም።»

«ደመናው የማን ነው?»

«የፈረንጆች።»

«የሰው ነፍስ ፈረንጅ ደመና ላይ አላሳድርም። ቢጫውን አድርግልኝ።»

ዘላለም መቶ አሥራ ሁለቱን ስም በየመስመሩ ጻፈለት። «ሲያነቡ በጣትዎ ወደ ላይ ይግፉት። ወደ ጎን ግን እንዳይገፉት፤ ይሰርዘዋል» ብሎ አስጠነቀቀው።

በማግስቱ ይሻው ከቅጽሩ ቆመ። ስሞቹን ጠራ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ደብተሩ ሁሉ ስልኩን ሳም አድርጎ ግንባሩን አስነካ፣ ወደ ገብሱ ወረደ። ነገሩ አልከበደውም።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ወርቅነሽ መንገድ ላይ ያዘችው። ልጇ ፍቅርተ ሆስፒታል ተኝታለች።

«አያ ይሻው፣ ለልጄ እየጸለዩ ነው?»

«እንዴታ! ወለተ ጊዮርጊስ፣ ከግርጌ ናት» ብሎ ሊያሳያት ስልኩን ከፈተ። ወለተ ጊዮርጊስ የለችም። ቆጠረ። ዘጠና ስድስት።

«ታዲያ ማንን ሲጠሩ ከረሙ?» አለች ወርቅነሽ።

ይሻው በዚያው ወደ ከተማ ገሰገሰ። «ቢጫህ ስም ይበላል!»

«አፕ ስም አይበላም አያ። ጣትዎ ወደ ጎን ነክቶት ይሆናል።»

«በአንዲት ጣት፣ ያውም ወደ ላይ ብቻ ነው የምገፋው። ልብ ብዬ ነው የማደርገው፤ አትድፈረኝ።»

ዘላለም ትከሻውን ሰበቀ። «እንግዲያው ሰማያዊውን እንሞክር። ኢሜይል ስለሌለዎ በእኔ እከፍተዋለሁ። ይኼንንም ወደ ጎን እንዳይገፉት።»

ይሻው ደመናውን እያወቀ፣ አማራጭ አጥቶ እሺ አለ፤ አሥራ ስድስት ሰው ደጅ እየቆመም ስም አስደገመ። ሰዉ ስሙን ሰጠው፤ ዓይኑን ግን አልሰጠውም። አሁን በየማለዳው ሳይጀምር ይቆጥር ጀመር። መቶ አሥራ ሁለት። በማግስቱ መቶ አሥራ አንድ። በሦስተኛው ቀን መቶ አሥር።

መጀመሪያ የጠፋው ወልደ ገብርኤል ነበር፤ ከዘላለም ሱቅ ፊት ለፊት ስልክ የሚጠግነው፣ ኩላሊቱን የሚያመው የአለሙ የክርስትና ስም። ሁለቱ በደንበኛ ሳቢያ ሰላምታ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል።

አለሙ ይህን ሲሰማ፣ «በእሱ ኢሜይል ከተከፈተ እኮ ሱቁ ተቀምጦ ማጥፋት ይችላል» አለ። «እኔ ምንም አላልኩም።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻው ዘላለምን ሽማግሌዎች ፊት አስጠራው።

«በቤተ ክርስቲያኑ በር ማል።»

«ለእኔ ነው አያ? የአባቴ ወንድም ሆነው?»

«ማል!»

ዘላለም በሩን በመዳፉ ይዞ ማለ። ሲጨርስ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ይህን አይቶ ግማሹ ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«የማለውን እግዜር ይፍረደው» አለ ይሻው። «አንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ። ብሞትም እንዳትቀብረኝ።»

ሰኞ ዘላለም ሱቁን ዘግቶ ወደ አንበሳሜ ሄደ። እናቱ ይሻውን ሰላምታ ነሳችው።

አለሙ ሦስተኛ አፕ ጫነለት፤ ጥቁር ነው። ደመናም ኢሜይልም የለውም፤ የሚከፈተው በምስጢር ቁጥር ነው። ቁጥሩን ይሻው ጀርባውን ሰጥቶ ራሱ መረጠ። «አሁን ከእርስዎ በቀር የሚነካው የለም» አለው አለሙ። ማክሰኞ መሸት ሲል መቶ አሥራ ሁለቱም ስም ሞላ።

ረቡዕ ይሻው በሚኒባስ ወደ ጣራ ገዳም ሄደ፤ ለምስጋና። ሌባው ከቤት ወጥቷል፣ ስሞቹ ተቆልፈዋል፣ ፍቅርተም በጸሎት ድና ከሆስፒታል ተመልሳለች። ልቡ ግን በወንድሙ ልጅ ምክንያት እንደ ድንጋይ ከብዶት ነበር። ከዛፉ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ነጠላ የለበሰ የማያውቀው ተሳላሚ ተቀምጧል። ይሻው እጅ ነስቶት አጠገቡ ቆመ።

ቁጥሩን ነክቶ ከፈተ፤ ቆጠረ፤ ሙሉ ነው። ስሞቹን ሳይቸኩል እስከ ግርጌ ጠራ። አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። ገዳም ነውና ዓይኑን ጨፍኖ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ፣ ቀኝና ግራ እያለ ሳመ፤ ግንባሩንም አስነካ።

ሰውየው ድንጋዩ ላይ እንዳለ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ስልኩን ሲያይ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ይቅርታ አባቴ፤ በሳሙት ቁጥር አንድ ስም እየጠፋ እኮ ነው» አለው።