ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያም ጥርስ

ለገብረየስ ነገር ሁሉ የተበላሸው በ1974 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ በዋለ አንድ ማክሰኞ ነው። የመሥሪያ ቤቱን የውይይት ክበብ ሊመራ ቢነሳ፣ ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ጥጥ ነክሰዋል።

«ምን ሆናችሁ?» አለ።

ታይፒስቷ ታቢታ በጣቷ ጉንጯን አሳየችው። ጥርስ ተነቅለው ነው። ጥርሱን የተነቀለ ሰው ደግሞ እስከ ማግሥቱ እንዳይናገር የጥርስ ሐኪሙ ከልክሏል።

ገብረየስ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ እንዲማር ከተመረጠ በኋላ፣ በመጨረሻው ሰዓት በኃይሉ የሚባል የዶርም ጓደኛው በእሱ ቦታ ተላከ። በኃይሉን ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ፍልስፍና ያስረዳው እሱ ነበር። ልጁ ጆሮውን ስለሚያመው ጥጥ ወትፎ ነበር የሚያዳምጠው። ገብረየስ ለምን እንደቀረ የነገረው የለም። አዋሳ ተመድቦ ያንን በደል ሲያመነዥክ ስድስት ዓመት ሆነው።

አሁን ግን ተስፋ አለው። በሚያዝያ ከአዲስ አበባ ገምጋሚ ይመጣል። ክበቡ ሞቅ ያለ ውይይት ካሳየ ገብረየስ ውጭ አገር ይላካል፤ ካላሳየ እዚያው አዋሳ ይቀራል።

በተከታዩ ማክሰኞ የተነቃዩ ቁጥር ጨመረ። ድሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ የሚዘልቀው ስብሰባ፣ የሚናገር እየጠፋ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋ ጀመር። መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገብረየስ ታቦር ተራራ አካባቢ ወደሚሠራው የጥርስ ሐኪም፣ ወደ ጠሀ ሄደ።

«ጤነኛ ጥርስ ትነቅላለህ አሉ።»

«አመመኝ ካለ ምን ላድርግ ጋሼ? ጥርሱ የእሱ ነው።»

«ለምንድነው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ የሚያማቸው?»

ጠሀ መንቀያውን መወልወል ጀመረ። «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እርስዎ ይድረሱበት» አለ።

ገብረየስ ሲወጣ የመሥሪያ ቤቱን ዘበኛ ጋሽ ኩማን ወረፋ ላይ አገኛቸው። ሽማግሌው አፋቸው ውስጥ የቀረው ሁለት ጥርስ ብቻ ነው።

«እርስዎም ጋሽ ኩማ?»

«አንዷን ነው ዛሬ። ሌላዋን ለአብዮት በዓል አቆያታለሁ።»

በዓሉ ላይ ሥጋ ሊበሉባት ነው ብሎ ገብረየስ አዘነላቸው።

ሳምንት ሙሉ ተጨንቆ በመጨረሻ ደረሰበት። ሰኞ ገበያ ነው። ሕዝቡ ከገበያ ሸንኮራ ገዝቶ ሲመጥ ያመሻል፤ ማክሰኞ ጥርሱ ይነሳበታል። ይህን ለመረዳት መማር ያስፈልጋል። ስብሰባውን ወደ ረቡዕ አዛወረና፣ ማስታወቂያውን ራሱ በሩ ላይ ለጠፈ። ታቢታ አንብባው ጉንጯን ዳሰስ አደረገች።

ገምጋሚው በመጀመሪያው የረቡዕ ስብሰባ ዕለት ማለዳ ከአዲስ አበባ ገባ። በኃይሉ ነበር። ወፍሯል፤ ከረባት አስሯል። ገብረየስ ደሙ ቢፈላም እጁን ዘረጋለት።

«አንተም እዚህ ነህ?» አለ በኃይሉ። «ስብሰባውን ማነው የሚመራው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ራስህ?»

«መግቢያውንም፣ ማብራሪያውንም፣ መዝጊያውንም።»

በኃይሉ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ታቢታን ወደ ጎን ጠርቶ አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም በመስኮቱ ወደ ታቦር ጠቆመችው። «ከስብሰባው በፊት ትንሽ ጉዳይ አለችኝ» ብሎ ወጣ።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። በኃይሉም አንገቱን ደፍቶ ገብቶ ከፊት ተቀመጠ። ገብረየስ መግቢያውን ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ተናገረ። ስለ ቅኝ ግዛት ተነተነ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለ ባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት ተነተነ።

«እንግዲህ ጓዶች፣ መድረኩ የእናንተ ነው። ማን ይጀምር?»

ማንም አልጀመረም። ታቢታ ጥጥ ነክሳለች። ከኋላዋ ያለውም ረድፍ እንዳለ ነክሷል። ጋሽ ኩማ ለበዓሉ ያቆዩዋትንም ጥርስ አልማሯትም።

ገብረየስ ላቡን ጠረገ። የሸንኮራ መዘዝ ሁለት ቀን ይቆያል ማለት ነው። ስድስት ዓመት የጠበቃት ዕድል ከፊቱ ስትሄድ ታየችው። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዛሬ ማለዳ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የሰኞን ገበያ ያልረገጠ።

«ጓድ በኃይሉ» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ የመለሰልኝ የለም። እስቲ አንተ እንኳ መልስልኝ።»

በኃይሉ ቀስ ብሎ ቀና አለና በጣቱ ጉንጩን አሳየው።