ቆሞ መሮጥ

ማንም ሰው የልብ መለኪያ ሳያስር ከቤቱ እንዳይወጣ ተደንግጓል። ሳይንቀሳቀስ ልቡ ከመቶ ሃያ በላይ ከመታ፣ የሚደብቀው ነገር አለ ተብሎ ቤቱ ይፈተሻል። ውብርስት ያሰረችው መንገድ ላይ ስለተሰበረባት ሌላ ልትገዛ ሱቅ ገባች።

ባለሱቁ ጋሽ መርዕድ ሁለት መለኪያ አቀረቡላት። "ጂፒኤስ ያለውን ውሰጂ። ብትጠፊ ቶሎ ያገኙሻል።"

"እኛ ሯጮች የምንሮጠው ተሰልፈን፣ የፊተኛውን ተረከዝ እያየን ነው ጋሼ። በምን እጠፋለሁ?"

"እሁድ እሁድስ? ብቻሽን ስትወጪ አይሻለሁ።"

ውብርስት እሁድ የምትሮጠው፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ልቡ ከመቶ ሃያ በላይ ስለመታ ሱሉልታ ጫካ ለተደበቀው ወንድሟ ሹራቧ ሥር ዳቦ ይዛ ነው።

"የሌለውን ይስጡኝ" አለች።

አንጓዋ ላይ አሰሩላት። ቁጥሩ ወዲያው ወጣ፤ መቶ ሠላሳ አንድ። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ልትፈታው ማሰሪያውን ትጎትት ጀመር። ጋሽ መርዕድ ቁጥሩን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ሄደው በሩን ዘጉ። አለቀልኝ አለች በልቧ።

"ይኼኛው እርምጃ ይቆጥራል እንጂ ቦታ አያውቅም" አሉ ወደ ጠረጴዛቸው እየተመለሱ፣ በሹክሹክታ። "እዚያው ቆመሽ ሩጪ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

እንደቆመች መሮጥ ጀመረች። ከሥሯ ያለው የወለል ፕላስቲክ ሁለት እግር በሚያርፍበት ቦታ ብቻ አልቆ ሲሚንቶው ይታያል። ስንት ሰው እዚህ ሮጧል?

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቀና ስትል፣ ጋሽ መርዕድም አንጓቸውን እያዩ ከጠረጴዛው ኋላ ቆመው ይሮጣሉ።